ጎመን በጤና፦ ክረምቱ ሲወጣ ጓሯችንን እንዴት እንመልሰው?

 

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። ደም ማነስ አለባችሁ፣ ስኳራችሁ ጨምሯል፣ ግፊታችሁ ከፍ ብሏል ተብላችሁ «ቅጠላ ቅጠል ብሉ» የተባላችሁ ብዙ ናችሁ። ጥያቄያችሁም ተመሳሳይ ነው፦ የምንገዛው ጎመን በምን ውሃ እንደበቀለ አናውቅም፣ ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ አረም የዋጠው ትንሽ መሬት አለ፣ እሱን ብናለማ ይሻላል ወይስ ትርፉ ድካም ነው?

መልሴ አጭር ነው፤ አልሙት። ዝናቡ እየቀነሰ፣ ፀሐይዋ እየወጣች፣ አፈሩ ደግሞ ገና እርጥበት ይዞ ያለበት ይህ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ለጓሮ አትክልት ከዓመቱ ምርጡ ነው። ነገር ግን እኔ የግብርና ባለሙያ ሳልሆን ሐኪም ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ጓሮው ለጤናችሁ ስለሚሰጠው ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ከጓሮ ተነስተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ስለሚመጡ ሰዎችም ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታግሳችሁ አንብቡት።

ሐኪም ስለ ጓሮ ምን አገባው?

ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ድንችና ስኳር ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም፤ እነሱ ከእንጀራና ከዳቦ ወገን ናቸው። 400 ግራም በግምት አምስት እፍኝ ነው። ታካሚዎቼን «ትናንት ምን አትክልት በላችሁ?» ስላቸው ግን ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ወጥ ውስጥ የገባውን ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። ፍላጎት ጠፍቶ አይደለም፤ ኑሮው ነው። በር ላይ ያለ ጎመን ግን ሂሳብ አይጠይቅም፤ ወጣ ብሎ መቀንጠስ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ውሃው ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር ብዙ አትክልት ይመረታል። እነዚህ ወንዞች የፋብሪካም የመጸዳጃም ፍሳሽ እንደሚገባባቸው የታወቀ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መቀቀል ጀርምንና የጥገኛ ትል እንቁላልን ይገድላል። እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን ግን አያጠፋም። የገበያ አትክልት ሁሉ የተበከለ ነው ማለቴ አይደለም፣ እንዳትሸበሩ። ነገር ግን ጓሯችሁ ላይ ቢያንስ የምታጠጡትን ውሃ ታውቁታላችሁ።

ሦስተኛ፣ እንቅስቃሴ። አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። መቆፈር፣ መኮትኮት፣ ውሃ ተሸክሞ ማጠጣት፣ ሁሉም ይቆጠራል። ጂም ለመግባት ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሰው በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ጓሮው ውስጥ ቢሠራ ኮታውን ሞላ ማለት ነው።

ከመቆፈራችሁ በፊት ዙሩት

ከክረምት የወጣ ጓሮ ውስጥ ጎርፍ ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም። የተሰበረ ጠርሙስ፣ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ሲሪንጅ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን የቁፋሮ ቀን ሳይሆን የማጽጃ ቀን ይሁን። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፣ ጓንት አጥልቁ፣ በእጃችሁ ሳይሆን በመኮትኮቻ ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ ልቀሙ። ልጆችን የምታስገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት ካከምኳቸው ሰዎች አንዱ (ማንነታቸውን እንዳይገልጽ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ) ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ግቢያቸውን ሲያጸዱ ምስማር በነጠላ ጫማቸው አልፎ ወጋቸው። ደሙን ለማቆም ቡና ነስንሰው፣ በጨርቅ አስረው ሥራቸውን ቀጠሉ። ቁስሉ በሦስት ቀን ደረቀ፤ እሳቸውም ረሱት። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ሲበሉ አፋቸው አልከፈት አላቸው። ጥርስ ሕመም መስሏቸው ነበር። ማታ ላይ ጀርባቸው እንደ ቀስት ተለጠጠ። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ነበር። ሳምንታትን በጽኑ ሕሙማን ክፍል አሳለፉ። ተርፈዋል፣ ተመስገን። ሁሉም ግን አይተርፍም።

ብዙ ሰው ቴታነስ የሚመጣው ከዝገት ይመስለዋል። አይደለም። የበሽታው ዘር አፈርና የእንስሳት እበት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ምስማሩ ዝጎ ባይሆን እንኳ አፈር ነክቶት ጠልቆ ከወጋ በቂ ነው። እሾህም ይበቃዋል። ምልክቱ የሚታየው ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ቁስሉ ሲደርቅ ሰው ይዘናጋል።

እንግዲህ ጓሮ ውስጥ ከተወጋችሁ፦
• ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃና ሳሙና እጠቡት።
• ቡና፣ አፈር፣ አመድ፣ ቤንዚን አታድርጉበት።
• ጥልቅ ወይም ቆሻሻ ያለበት ቁስል ከሆነና የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባት ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ፣ ወይም መከተባችሁን ካላስታወሳችሁ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በተለይ ወንዶች ይህን ስሙ። ብዙ እናቶች በእርግዝና ክትትል ጊዜ ክትባቱን ያገኛሉ። በልጅነቱ ያልተከተበ ወንድ ግን አዋቂ ከሆነ በኋላ ክትባቱን የሚያገኝበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። ጓሮ የሚቆፍረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አባታችሁን ዛሬውኑ ጠይቋቸው።

ባዶ እግርና ቀይ አፈር

በባዶ እግር አፈር መርገጥ ደስ ይላል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን መንጠቆ ትል የሚባለው ጥገኛ ትል የሚገባው በእግር ቆዳ ነው። አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ ውጤቱ ደም ማነስ ነው። ደም ማነሳችሁን በጎመን ለማከም ወጥታችሁ ደም የሚመጥ ትል ይዛችሁ እንዳትገቡ!

ሌላም አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሠራ ሰው እግሩ አብጦ ሊቀር ይችላል። ይህ ከትንኝ የማይመጣው የዝሆኔ ዓይነት ነው፤ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙን ያወጡለትና በአገራችን በስፋት ያጠኑት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በጣም ከተጠቁ አገሮች ግንባር ቀደም ናት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

እናንተ የከተማ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ስለቆፈራችሁ ይህ በሽታ አይዛችሁም። ግን ጓሯችሁን የሚቆፍርላችሁ የቀን ሠራተኛ ካለ እግሩን እዩት። ከገጠር የመጣ፣ ዕድሜውን በባዶ እግር የቆፈረ ሊሆን ይችላል። ቦቲ ጫማ ግዙለት፣ ሥራ ሲጨርስ የሚታጠብበት ውሃና ሳሙና አቅርቡለት። ከሻይ ቡናው በላይ ትልቅ ውለታ ነው።

አረም ስትነቅሉ ሁለቱን ተጠንቀቁ

በክረምት ከሚበቅሉት መካከል ሁለቱን በደንብ እወቋቸው።

አንደኛው አስተናግር ነው፤ አጠፋሪስም ይሉታል። ቅጠሉ ዳር ዳሩ ጥርስ ያለው፣ አበባው ነጭ የመለከት ቅርጽ፣ ፍሬው ደግሞ እሾሃማ ሆኖ ውስጡ ብዙ ጥቁር ጥቃቅን ዘር አለው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የበላውን ሰው ያስለፈልፈዋል። አፍ ይደርቃል፣ ፊት ይቀላል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ ይመታል፣ ሰውየው የሌለ ነገር እያየ ያወራል። በተለይ ለሕፃናት ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ለጋ ቅጠሉ ከሚበላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ድስት ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው ጉሎ ነው። ዝንጉርጉር ፍሬው ለልጅ መጫወቻ ይመስላል፤ ከታኘከ ግን ከባድ መርዝ ነው።

ሁለቱንም በጓንት ከነሥራቸው ነቅላችሁ ልጆች ከማይደርሱበት አርቁ። ልጃችሁ ከበላ «እስኪ ትንሽ እንየው» አትበሉ፤ ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

አፈሩ፣ ፍግና ውሃው

አፈሩ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ አንድ እፍኝ ያዙና ጨብጡት። ጭቃ ሆኖ ከተጣበቀ ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ እርጥብ አፈር ሲቆፈር ይደርቅና እንደ ሸክላ ይሆናል። ጨብጣችሁ ስትለቁት ከተፈረፈረ ጊዜው ነው። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩና ብስባሽ ቀላቅሉበት፤ የክረምቱ ዝናብ ከአፈሩ ብዙ ምግብ አጥቦ ወስዷል።

ብስባሽ ለመሥራት የደረቀ ቅጠል፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት ይበቃል። ሥጋ፣ ቅባትና የድመት ወይም የውሻ ዓይነ ምድር አይገባም።

እበትና የዶሮ ኩስ ጥሩ ማዳበሪያ ናቸው፤ ትኩሱን ግን አታድርጉ። አንጀት የሚያውኩ ባክቴሪያዎችን ይይዛል። በደንብ የበሰበሰውን ተጠቀሙ። ትኩሱን አፈር ውስጥ ካደባለቃችሁ ደግሞ እንደ ሰላጣና ካሮት ያሉ ጥሬያቸውን የሚበሉትን ለመሰብሰብ ቢያንስ 4 ወር ጠብቁ።

ቦታ ስትመርጡ በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚያገኘውን እዩ። ድሮ ጋራዥ የነበረበት፣ ባትሪ የተሰባበረበት፣ ዘይት የፈሰሰበት ወይም አሮጌ ቀለም ከግድግዳ የሚረግፍበት ቦታ ላይ የሚበላ ነገር አትትከሉ። እርሳስ አፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። እዚያ አበባ ትከሉ፤ ጎመኑን ንጹሕ አፈር በሞላችሁበት ማዳበሪያ ከረጢት ወይም ጀሪካን ውስጥ አድርጉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም በረንዳችሁ ላይ ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። ጀሪካኑ ግን የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን እንጂ የኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት አይሁን። ታችኛውን ብሱት፣ ውሃ እንዳያቁር።

ውሃ ካነሳን አይቀር፣ በርሜላችሁን ክደኑት። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ከተሞች የምትኖሩ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘች አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። ከሌሎቹ የምትለየው ረግረግ ሳትፈልግ በከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ መራባቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። የደንጊ ትንኝም እንዲሁ በዕቃ ውስጥ በተቀመጠ ውሃ ትራባለች። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ የአበባ ማስቀመጫ ሰሃን፣ አሮጌ ጎማ፣ ባልዲ፣ ሁሉንም በሳምንት አንዴ ድፉና ፈግፍጉት። በእነዚህ ከተሞች ትኩሳት ከያዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመርመሩ።

ምን እንትከል?

ለጀማሪ የምመክረው አምስት ነው።

1. ጎመን። የሐበሻ ጎመን ቢሆን የበለጠ ደስ ይለኛል። ችግኙን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። በመስከረም መጨረሻ የተተከለ ችግኝ የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ኅዳር 15 አካባቢ፣ ቅጠሉ ለድስት ይደርሳል። ከታች ያለውን ቅጠል ብቻ እየቀነጠሳችሁ ከላይ ከተዋችሁት ለወራት ይሰጣል። ቫይታሚን ኤ የሚሆን ንጥረ ነገር፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ኬ፣ እንዲሁም ሰውነት በደንብ የሚወስደው ካልሲየም አለው።

2. ቆስጣ። ቶሎ ይደርሳል፤ ከ50 እስከ 60 ቀን። ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ግን የኩላሊት ጠጠር ያለባችሁ ቆስጣን ቀንሱና ጎመኑን ምረጡ።

3. ካሮት። ዘሩ በቀጥታ መሬት ላይ ይዘራል፤ ችግኙ መዛወር አይወድም። ወደ ሦስት ወር ይፈልጋል። ለልጆች ዓይን ጥሩ ነው ሲባል ሰምታችኋል፤ እውነት ነው፤ የቫይታሚን ኤ እጥረትን ይከላከላል። መነጽርን ግን አያስጥልም።

4. ቀይ ሥር። ቅጠሉም ይበላል። በበላችሁ ማግስት ሽንታችሁ ወይም ዓይነ ምድራችሁ ቀይ ቢሆን አትደንግጡ። በዚህ ምክንያት ተሸብሮ ክሊኒክ የመጣ ሰው ቁጥሩን አልነግራችሁም! ቀይ ሥር ሳትበሉ ቀይ ከሆነ ግን መታየት አለበት።

5. ቃሪያ ወይም ቲማቲም። እነዚህ ብርድ አይወዱም። ደጋ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያቃጥላቸዋል። ስለዚህ በግድግዳ ጥግ፣ ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ ትከሏቸው፤ ሌሊት ሸፍኗቸው።

ዳር ዳሩን በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ዳማከሴ አሳምሩት። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ዳማከሴ ለምች ስትጠቀሙ ትኩሳቱ ካልወረደ እሱን እየጠጣችሁ ቀን አትቁጠሩ። ከክረምት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ወባም፣ ታይፎይድም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ጥሩ፤ እኔ ደግሞ ከአጥንቱ ጎን ሁለት እፍኝ ጎመን ጨምሩበት እላለሁ።

ስለ ደም ማነስ ለጠየቃችሁኝ

ጎመን ውስጥ ብረት አለ። ነገር ግን ከቅጠል የሚገኝ ብረት ከሥጋው ይልቅ ሰውነት ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ሦስት ነገር አድርጉ፦

• አብራችሁ ቫይታሚን ሲ ብሉ። ከማዕዱ ላይ ሎሚ ጨመቅ፣ ጥሬ ቃሪያ ቆረጥ፣ ወይም የቲማቲም ሰላጣ።
• ቡናና ሻይ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ምሳ ተነስቶ ቡና ወዲያው መቅረቡ ባህላችን ነው፤ ግን ብረቱን ይይዘዋል። ቡናውን አልከለክላችሁም፣ ትንሽ አዘግዩት ብቻ።
• ጎመኑን ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉ። ፎሌትና ቫይታሚን ሲ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። በትንሽ ውሃ፣ በትንሽ ዘይት፣ ለአጭር ጊዜ አብስሉት።

እና ዋናው ነገር፦ ደም ማነስ በራሱ መነሻ ምክንያት አለው። ከባድ የወር አበባ፣ የአንጀት ትል፣ የጨጓራ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ያዘዘላችሁን የብረት ኪኒን ጓሮ አይተካውም። ለማርገዝ የምታስቡ እህቶችም እንዲሁ፤ በቀን 400 ማይክሮ ግራም የፎሊክ አሲድ ኪኒን ከእርግዝናው በፊት መጀመር አለበት። በአገራችን ከአከርካሪና ከጭንቅላት አፈጣጠር ችግር ጋር የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ጎመን ብቻውን አይበቃም።

ፀረ ተባይ፦ እባካችሁ ይህን ክፍል አትዝለሉ

ጓሮ ሲለመልም ተባይ ይመጣል። ያኔ ሰው ገበያ ወርዶ ስም የሌለው ፈሳሽ በሃይላንድ ተቀድቶለት ይመጣል። ብልቃጡ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ግልጽ ሆኖ፣ ወይም እንደ ወተት ነጣ ብሎ፣ የሚጠጣ ነገር ይመስላል።

አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ እንዲህ ካለ ብልቃጥ አንድ ጉንጭ ጠጥታ አምጥተዋታል። ስትደርስ ምራቋ ይዝረከረካል፣ ላብ አጥምቋታል፣ ትንፋሿ ያንኮራፋል፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ያተረፋት ሁለት ነገር ነው። እናትየው ወተት ልስጣት፣ ላስታውካት ሳትል ወዲያው ታክሲ ይዛ መጣች፤ ብልቃጡንም በላስቲክ ጠቅልላ ይዛው መጣች። ምን እንደሆነ ስላወቅን ማርከሻውን ለመስጠት ጊዜ አላባከንንም።

ስለዚህ፦
• ኬሚካልን በፍጹም በውሃ ወይም በለስላሳ ብልቃጥ አታስቀምጡ። መለያ ጽሑፍ የሌለው ኬሚካል አትግዙ።
• ለትንሽ ጓሮ ኬሚካል አያስፈልግም። ትሉን በእጅ መልቀም፣ ቅጠሉ ጀርባ ላይ የሚሰፍረውን ክሽክሽ በሳሙና ውሃ ማጠብ፣ ዙሪያውን አመድ መነስነስ፣ የታመመውን ቅጠል ነቅሎ ማራቅ ይበቃል።
• ሰው ከጠጣ፦ አታስታውኩት፣ ወተትም ዘይትም አታጠጡት። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ይህ መርዝ በቆዳም ይገባል። ብልቃጡን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ፍጠኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ መኪና ካገኛችሁ ግን አትጠብቁ።

ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ብልቃጥ ካለ ሂዱና አንሱት። ነገ አትበሉ።

ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋችሁ

የልብ ቧንቧ በር የተቀየረላችሁና ዋርፋሪን የምትወስዱ፦ «ጎመን ጨርሶ አትንኩ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ትክክለኛው ምክር ሌላ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚቀንስ አደጋው መጠኑ ድንገት ሲቀያየር ነው። ጓሯችሁ ደርሶ በየቀኑ መብላት ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የደም ምርመራችሁ ታይቶ መጠኑ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ተቀራራቢ መጠን ብሉ።

ኩላሊታችሁ የደከመ ወይም እጥበት ላይ ያላችሁ፦ ቅጠላ ቅጠልና ቲማቲም ፖታሲየም አላቸው። ለሌላው ሰው ጥሩ የሆነው ለእናንተ ልብ አደገኛ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ።

ስኳር ያለባችሁ፦ እግራችሁ ስሜቱ ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ውስጡን ዳብሱ፤ ስትጨርሱ እግራችሁን አጥባችሁ በጣቶቻችሁ መካከል ሳይቀር እዩ።

ነፍሰ ጡሮች፦ ድመት የምትጸዳዳበት አፈር ፅንስን የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ጤና አዳምን ደግሞ በመድኃኒት መልክ ጨምቃችሁ ወይም አፍልታችሁ አትጠጡ፤ ማሕፀን ያኮማትራል።

ወገብ የሚያማችሁና በዕድሜ የገፋችሁ፦ ጎንበስ ብላችሁ ለሰዓታት አትቆዩ። ዱካ ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩ፣ በየ20 ደቂቃው ተነሱ። ባልዲውን ግማሽ ሙሉት፤ ስታነሱ ከጉልበታችሁ እጠፉ። ደረታችሁን ከጨነቃችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ አቁማችሁ ታዩ።

ከጓሮ ነው ብላችሁ ሳታጥቡ አትብሉ

የራስ ጓሮ ማለት ንጹሕ ማለት አይደለም። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ሰላጣን ቅጠል በቅጠል ለያይታችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ፈትጋችሁ እጠቡ። አቼቶ ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ሁሉንም አያጠፋም፤ ዋናው ፍተጋው ነው። ለትንንሽ ልጆችና ሕመምተኞች የበሰለ ይሻላል። ከጓሮ ስትገቡም እጃችሁን በሳሙና፣ ጥፍራችሁን በብሩሽ።

በመጨረሻ

ሁሉን በአንድ ቅዳሜ ልሥራ ብላችሁ ወገባችሁን ይዛችሁ እኔ ጋ እንዳትመጡ። በመጀመሪያው ሳምንት አጽዱና ክትባታችሁን አረጋግጡ። በሁለተኛው ቆፍሩ፣ ብስባሽ ጨምሩ። በሦስተኛው አሥር የጎመን ችግኝ ብቻ ትከሉ። አሥር ጎመን ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ አይደለም። ችግኝ ከየት እንደምታገኙ ካላወቃችሁ የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ከሌማት ትሩፋት ወዲህ ብዙ ቦታ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

የድሮ ሰዎች «ጎመን በጤና» ሲሉ ሀብት ከሌለው ሰላም ይብቃን ማለታቸው ነበር። እኔ ቃል በቃል ወስጄዋለሁ፤ ጎመኑም ይኑር፣ ጤናውም ይኑር።

ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው ሼር አድርጉለት፤ በተለይ ግቢ ያላቸው እናትና አባቶቻችሁ ጋ ይድረስ። እነሱ ስልክ ላይ ማንበብ ካስቸገራቸው አንብቡላቸው።